ከወደዳችሁት ክፈሉ፦ በትርፍ ሰዓት ከተሠራ ሶፍትዌር የሚገኝ ገቢ አጭር ታሪክ

ጽሑፉ ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሰሞኑን ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ተሞልቷል። ጠያቂዎቹ አብዛኞቻችሁ ከዓመታት በፊት ኮምፒውተር ሳይንስ ያስተማርኳችሁ ልጆች ናችሁ። «መምህር፣ ማታ ማታ የሠራኋት ፕሮግራም አለች፤ በወር ትንሽ ነገር ታስገባልኝ ይሆን?» ትላላችሁ። «ሥራዬን ልቀቅና እሷ ላይ ልዋል?» ያላችሁም አላችሁ። አንዱ ደግሞ ለፋርማሲዎች የሠራት ፕሮግራም በወር ሦስት ሺህ ብር ብቻ ስለምታስገባለት «እዚህ ግባ የማትባል ናት» ብሎ ሊዘጋት መሆኑን ነገረኝ። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ ታሪኩን አንዴ ልጻፈውና ከታሪኩ እንነጋገር ብዬ ነው።

ነገሩ ትናንት በዩቲዩብ የተጀመረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም፤ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስታነቡት አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ በየዘመኑ ሰዎቹን ያስቸገራቸው ኮዱ አልነበረም። ኮድ የሚጽፍ ሰው ሁልጊዜ ነበረ። ያስቸገረው «ከማላውቀው ሰው ኪስ አሥር ዶላር እንዴት አድርጋ እኔ ጋ ትደርሳለች?» የሚለው ነው። (ዓመቶቹን የጻፍኳቸው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። በእኛ ያልኩበት ቦታ ለይቼ እናገራለሁ።)

የተቆጣው ልጅ ደብዳቤ

1975 ላይ አልቴር የሚባል፣ ገዢው ራሱ ሊገጣጥመው የሚችል ኮምፒውተር ወጣ። ቢል ጌትስና ፖል አለን ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለዚህ ማሽን አዘጋጁለት። ያኔ ፕሮግራም የሚሸጠው በተበሳ የወረቀት ጥቅል ላይ ነበር። አንድ ጥቅል እጃቸው የገባ የካሊፎርኒያ የኮምፒውተር አፍቃሪዎች አባዝተው ተከፋፈሉት።

ጌትስ በየካቲት 1976 ግልጽ ደብዳቤ ጻፈላቸው። ያኔ የ20 ዓመት ልጅ ነው። አብዛኞቻችሁ ሶፍትዌር ትሰርቃላችሁ፣ አልቴር ካላቸው ሰዎች ቤዚክን የገዙት ከመቶ አሥር አይሞሉም፣ የገባው ገንዘብ ለደከምንበት ሰዓት ሲካፈል በሰዓት ሁለት ዶላር እንኳ አይደርስም አለ። ብዙ ሰው ተቀየመው። በዚያው ዓመት ግን ቶም ፒትማን የሚባል ፕሮግራመር ሌላ መልስ ይዞ መጣ፦ ትንሽ ቤዚክ ጽፎ በ5 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ሰው እየከፈለ ገዛው። ለመገልበጥ ከመድከም ይልቅ መክፈሉ የሚቀልበት ዋጋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው ክርክር ሁሉ በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል የቀረ ይመስለኛል። አንደኛው «ሰው ሌባ ነው፣ እንጠብቀው» ይላል። ሁለተኛው «ዋጋው ልክ ይሁን፣ ሰው ይከፍላል» ይላል። ሁለቱም የሚያሳዩት ማስረጃ አላቸው።

የላስቲክ ከረጢት ዘመን

1980 ላይ ኬን እና ሮበርታ ዊሊያምስ የሚባሉ ካሊፎርኒያ የሚኖሩ ባልና ሚስት «ሚስትሪ ሃውስ» የሚባል የኮምፒውተር ጨዋታ ሠሩ። ኬን ቀን ተቀጥሮ የሚሠራ ፕሮግራመር ነው። ሮበርታ ታሪኩንና ሥዕሉን አዘጋጀች፣ እሱ ማታ ማታ ኮዱን ጻፈ። ፍሎፒ ዲስኩን ከመመሪያ ወረቀት ጋር ዚፕ ባለው ላስቲክ ከረጢት ከተው በ24.95 ዶላር ሸጡት። መጽሔት ላይ ማስታወቂያ አወጡ፣ በየኮምፒውተር ሱቁም እየዞሩ አስረከቡ። ከ10,000 ቅጂ በላይ ተሸጠ። በኋላ ሲየራ የተባለው ትልቅ የጨዋታ ድርጅት ከዚህ ነው የተነሣው።

የእነሱ የገንዘብ መንገድ እንግዲህ ማስታወቂያ፣ ፖስታና ሱቅ ነበር። ጥሩ መንገድ ነው፤ ግን ለማስታወቂያ የሚከፈል ገንዘብ ይጠይቃል፣ ሱቁም ድርሻውን ይወስዳል። ፕሮግራሙ ተወዳጅ ካልሆነ ማስታወቂያው ኪሳራ ሆኖ ይቀራል። መሸጫ ገንዘብ የሌለው ሰውስ ምን ያድርግ?

«ከወደዳችሁት 25 ዶላር ላኩልኝ»

መልሱ የመጣው 1982 ላይ፣ ተለያይተው ይሠሩ ከነበሩ ሁለት ሰዎች ነው።

አንደኛው አንድሩ ፍሉግልማን ነው። በትምህርቱ የሕግ ባለሙያ፣ በሥራው አዘጋጅና አሳታሚ። ከአንዲት ጸሐፊ ጋር አብሮ መጽሐፍ እየጻፈ ነበር። የሁለቱ ኮምፒውተር ስለማይገጥም ጽሑፍ መለዋወጥ አስቸገራቸው። ስለዚህ በስልክ መስመር ፋይል የሚያስተላልፍ «ፒሲ ቶክ» የሚባል ፕሮግራም ለራሱ ጻፈ። ሊሸጠው ሲያስብ የማስታወቂያውም የማከፋፈሉም ወጪ አልጣመውም። በዚያው ሰሞን የአካባቢው የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ «ፕሮግራማችንን ከወደዳችሁ እርዱን» እያለ ከተመልካች ገንዘብ ሲሰበስብ አየ። እኔስ ለምን አላደርገውም አለ። ፕሮግራሙን ገልብጡት፣ ለጓደኛም ስጡ፣ ከወደዳችሁት 25 ዶላር ላኩልኝ የሚል መልእክት ጨምሮበት ለቀቀው። «ፍሪዌር» ብሎ ሰየመው።

ሁለተኛው ጂም ኖፍ ነው። በዋሽንግተን ግዛት የአይቢኤም ተቀጣሪ ነበር። ለአካባቢው ቤተ ክርስቲያን ምእመናን የሚላክ ደብዳቤ ላይ የሚለጠፍ አድራሻ ለማተም ነው ፕሮግራሙን የጻፈው። የሥራ ባልደረቦቹ እንስጠን አሉት፣ ሰጣቸው። ከእነሱም ሌሎች ወሰዱ። ተጠቃሚው ሲበዛ ማሻሻያ ለመላክ የፖስታውና የዲስኩ ወጪ ከበደው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ውስጥ «10 ዶላር ብትልኩልኝ ወጪዬን ትደግፋላችሁ» የሚል ማስታወሻ አስገባ። እሱ ራሱ እንደተረከው፣ ሰው በፈቃዱ ይከፍላል ብሎ በማሰቡ ባለቤቱ ሞኝነት ነው ብላ ነበር።

አንድ ተጠቃሚ ሁለቱንም ፕሮግራም አገኘና አስተዋወቃቸው። እነሱም አልተጣሉም፤ ተስማሙ። ኖፍ የፕሮግራሙን ስም «ፒሲ ፋይል» አለው፣ ዋጋውንም እንደ ፍሉግልማን 25 ዶላር አደረገ። አንዱ የሌላውን ፕሮግራም በራሱ ውስጥ አስተዋወቀ።

ልብ በሉ፣ እነ ጌትስን ያስለቀሰውን መገልበጥ እነዚህ ሰዎች መኪና አድርገው ተሳፈሩበት። የገለበጠ ሰው ሁሉ ያለ ደመወዝ አከፋፋያቸው ሆነ። ከሺህ ሰው ጥቂቱ ቢከፍል ይበቃል፤ ምክንያቱም የማስታወቂያ ወጪ የለም፣ የሱቅ ድርሻም የለም።

ኖፍ ግን ሥራውን ወዲያው አልለቀቀም። ቀን አይቢኤም፣ ማታ ፒሲ ፋይል እያለ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ። አይቢኤምን የተሰናበተው በ1984 ከትርፍ ሰዓት ሥራው የሚያገኘው ገንዘብ የደመወዙን አሥር እጥፍ ሲሆን ነው። አሥር እጥፍ! እዚህ ጋ «ልልቀቅ ወይ» ያላችሁኝ ልጆች ትንሽ ቆም በሉ። በኋላ ድርጅቱ 35 ሠራተኛ ደርሶ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገበያው ተቀይሮ ተዘጋ። የፍሉግልማን መጨረሻ ግን ያሳዝናል። በሐምሌ 1985 ደብዛው ጠፋ። መኪናው ሳን ፍራንሲስኮ ጎልደን ጌት ድልድይ አጠገብ ተገኘች፣ እሱ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ደላላውን ከውስጥ ማስገባት

ሦስተኛው ቦብ ዋላስ ነው። ከማይክሮሶፍት የመጀመሪያዎቹ አሥር ሠራተኞች አንዱ ነበር። 1983 ላይ ለቆ «ፒሲ ራይት» የሚባል የጽሑፍ ማዘጋጃ ሠራ። «ሼርዌር» የሚለውን ስም ያስለመደው እሱ ነው። ፍሪዌርን ፍሉግልማን በስሙ አስመዝግቦት ስለነበር ሌላ ስም ያስፈልግ ነበር።

ዋላስ የጨመረው ብልሃት እኛ አገር ቢሆን ወዲያው የሚገባ ነው፤ የኮሚሽን አሠራር ነው። 75 ዶላር ከፍሎ የተመዘገበ ሰው የራሱ ቁጥር ያለበት ቅጂ ይሰጠዋል። ያንን ቅጂ ለሌላ ሰጥቶ ሰውየው በዚያ ቁጥር ሲመዘገብ የመጀመሪያው ሰው 25 ዶላር ይላክለታል። ሦስት ሰው ካስመዘገበ የከፈለውን አስመለሰ ማለት ነው። ተጠቃሚው ራሱ ደላላ ሆነ።

ማር አቅምሶ መሸጥ

እስካሁን ያየናቸው የሥራ ፕሮግራሞች ናቸው። ጨዋታ የሠሩት ሰዎች ግን ሌላ ችግር ገጠማቸው። ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ተጫውቶ የጨረሰ ሰው ለምን ብሎ ይከፍላል? ስኮት ሚለር የሚባል የቴክሳስ ሰው ይህን አየና 1987 ላይ «ክሮዝ» የሚባለውን ጨዋታውን ከፋፈለው። የመጀመሪያውን ክፍል በነፃ ለቀቀ፣ ቀሪውን የፈለገ ገንዘብ ይላክ አለ። ገበያ ላይ ማር ሻጯ በእንጨት ጫፍ እንደምታቀምሰው ማለት ነው። ቀምሰህ ከጣፈጠህ ቅሉን ትገዛለህ።

በዚሁ መንገድ በታኅሣሥ 1990 «ኮማንደር ኪን» ወጣ። ሠሪዎቹ ሉዊዚያና ውስጥ ሶፍትዲስክ በሚባል ድርጅት ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ ወጣቶች ናቸው። ጨዋታውን በማታና በቅዳሜና እሑድ ሠሩት፤ የድርጅቱን ኮምፒውተሮች መኪና ላይ ጭነው ቤት እየወሰዱ። የመጀመሪያው ቼክ 10,500 ዶላር ሆኖ መጣ። በየካቲት 1991 ኢድ ሶፍትዌርን መሠረቱ፤ ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥም «ዱም»ን ለቀቁ። ግን አሠሪያቸው ነገሩን ሲደርስበት በቀላሉ አልተፋቱም። ለሶፍትዲስክ ተጨማሪ ጨዋታዎች ሠርተው ለማስረከብ ተስማምተው ነው የተላቀቁት። ስለዚህ ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ሁሉ የቅጥር ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። በቢሮ ላፕቶፕ የሠራችሁት የማን እንደሆነ የሚናገር አንቀጽ ሊኖርበት ይችላል።

ስለ ዘመኑ ስናወራ ፊል ካትስን ሳላነሣ አላልፍም። ዚፕ ፋይል ያልከፈተ ሰው እዚህ የለም። አሠራሩን የቀረጸውና 1989 ላይ ፒኬዚፕን በሼርዌር የለቀቀው እሱ ነው። ገንዘቡም ዝናውም መጣ። በሚያዝያ 2000 ግን በ37 ዓመቱ ሚልዋኪ ውስጥ በሞቴል ክፍል ብቻውን ሞቶ ተገኘ፤ መጠጥ ጎድቶት ነበር። ብቻን መሥራት ነፃነት አለው፣ ብቻን መሆን ግን ሌላ ነገር ነው። ማታ ማታ የምትሠሩ ልጆች፣ ሰው አትራቁ።

የዊንራር የአርባ ቀን ዕድል

1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ኢንተርኔት መጣና ፍሎፒ መላክ ቀረ። ገንዘቡ ግን ወዲያው አልተከተለም። አንድ ብቻውን የሚሠራ ፕሮግራመር በራሱ ክሬዲት ካርድ መቀበል ይከብደዋል፤ ባንኮች አይፈቅዱለትም። በዚህ ክፍተት ነው ካጊ የሚባል ድርጅት 1994 ላይ የተነሣው። ለትንንሽ ሶፍትዌር ሠሪዎች ክፍያ ተቀብሎ ድርሻውን ቆርጦ ቀሪውን ይልክላቸዋል። ሁለት አሥርት ዓመታት አገለገለ። በ2016 በድንገት ሲዘጋ ግን ገንዘባቸው እሱ ጋ የነበረ ብዙ ሠሪዎች ሳይከፈላቸው ቀሩ። ድልድዩ የሌላ ሰው ከሆነ፣ በተሰበረ ቀን አንተም ትወድቃለህ።

ከአሜሪካ ውጭ ያለውስ? ዩጂን ሮሻል ሩስያዊ ነው። ዊንራር የወጣው 1995 ነው፤ በኋላ ሽያጩን የያዘለት የጀርመን ድርጅት ነው። ዊንራርን የማያውቅ የለም፦ 40 ቀን በነፃ፣ ከዚያ ግዙኝ ይላል። ካልገዛኸውም መሥራቱን አያቆምም። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፣ አርባውን ቀን ቆጥሮ የከፈለ ሐበሻ አለ? የዊንራር የአርባ ቀን ዕድሉ ይኼው ሆነ። ግን ድርጅቱ አልከሰረም። ሕግ የሚያስፈራቸው መሥሪያ ቤቶች ይከፍላሉ፣ እኛ በነፃ የምንጠቀመው ደግሞ ስሙን ዓለም ላይ አዳረስንለት።

የቢንጎው ሰውዬ

አሁን የምወደው ታሪክ ላይ ደረስን። እንደ መምህር ስለሆንኩ ይሆናል።

ፓትሪክ ማኬንዚ አሜሪካዊ ነው፤ ጃፓን ውስጥ በአንድ ድርጅት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። የአንደኛ ደረጃ መምህራን ቃላትን በቢንጎ ጨዋታ ያስተምራሉ፦ በየካርዱ ላይ ቃላት በተለያየ ቅደም ተከተል ይጻፋሉ፣ መምህሩ ቃሉን ሲጠራ ልጆቹ ፈልገው ምልክት ያደርጋሉ። ለ30 ተማሪ 30 የተለያየ ካርድ በእጅ ማዘጋጀት ምን ያህል እንደሚያደክም አስቡት። ማኬንዚ በሐምሌ 2006 ካርዱን የሚያዘጋጅና የሚያትም ፕሮግራም በ24.95 ዶላር መሸጥ ጀመረ። የመነሻ ወጪው 60 ዶላር ገደማ ነበር።

ኮዱን የአንደኛ ዓመት ተማሪዬ ይሠራው ነበር። ብልሃቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። መምህራን ጎግል ላይ ምን ብለው እንደሚፈልጉ አጠና፣ ለየርእሱ ገጽ አዘጋጀ። ሽያጩ እንደ እርሻ ወቅት አለው፦ ሃሎዊን የሚባለው በዓላቸው ሲደርስ በጥቅምት ያብጣል፣ ትምህርት ሲዘጋ ይሟሽሻል። ገቢና ወጪውንም ለሕዝብ እየገለጠ ይጽፍ ነበር። ሥራውን የለቀቀው 2010 ላይ ነው፤ ከጀመረ አራት ዓመት ሊሞላው ሲል። እንዲህ ያለውን የአንድ ሰው ሶፍትዌር ቤት ኤሪክ ሲንክ የሚባል ጸሐፊ 2004 ላይ «ማይክሮ አይኤስቪ» ብሎ ሰይሞት ነበር። ስሙ ባይለመድም ነገሩ ተለመደ።

ከዚያ የመጣውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። በሐምሌ 2008 የአፕል አፕ ስቶር በ500 ያህል አፖች ተከፈተ። ከሽያጩ 70 በመቶ ለሠሪው፣ 30 በመቶ ለአፕል። ለትናንሾቹ ድርሻው ወደ 15 በመቶ የወረደው 2021 ላይ ነው። በ2011 ስትራይፕ የሚባለው የክፍያ አገልግሎት ለሕዝብ ሲከፈት ጥቂት መስመር ኮድ የጻፈ ሰው ሁሉ ካርድ መቀበል ቻለ። በየወሩ የሚቆረጥ ክፍያም ቀለለ። ያኔ ነው «ወርኃዊ ገቢ» የሚለው ነገር ለትንሹ ሰው እውነተኛ ትርጉም ያገኘው። ከዚያ በፊት አንዴ ትሸጣለህ፣ ነገ ሌላ ገዢ ትፈልጋለህ።

አፕ ስቶር ሎተሪም አመጣ። ሃኖይ፣ ቬትናም የሚኖረው ዶንግ ንግዌን «ፍላፒ በርድ»ን በጥቂት ቀናት ሠርቶ በግንቦት 2013 ለቀቀ። ወራት ዝም ብሎ ቆየ። በ2014 መጀመሪያ ዓለምን አጥለቀለቀ፣ ከማስታወቂያ በቀን እስከ 50,000 ዶላር እንደሚያስገባ ተነገረ። በየካቲት ግን ሕይወቴን በጠበጠብኝ ብሎ ራሱ አነሣው። ወጣቶች የምትጠቅሱልኝ እንዲህ ዓይነቱን ነው። የቢንጎውን ሰውዬ የጠቀሰልኝ እስካሁን የለም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

የእኛም ታሪክ አለን። የግዕዝን ፊደል ኮምፒውተር ላይ ለማስገባት ከ1980ዎቹ ጀምሮ አገር ቤትም ውጭም ያሉ ባለሙያዎች ደክመዋል። ግን እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ የፊደል አሰጣጥ ነበረው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ድግምት ይመስላል። ዩኒኮድ በ1999 ፊደላችንን በሦስተኛው እትሙ ባያካትት ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ በስልካችሁ አታነቡትም።

የእነዚያ ፕሮግራሞች ሠሪዎች ከድካማቸው ምን ያህል አገኙ? ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያልተጫነበት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት በዘመኑ ማግኘት ይከብድ ነበር። እኔ በዓይኔ ያየሁት ግን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲሻገር ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍና ሙዚቃ ሁሉ ይጠብቃል። ሕጉ አለ። ግን መክፈል የፈለገ የደሴ ጸሐፊስ በምን ይክፈል? አዲስ አበባ ተሳፍሮ መምጣት ነበረበት። ፍሉግልማን ቼክና ፖስታ ነበረው፤ እኛ አገር ቼክ ጽፎ በፖስታ የሚልክ ተጠቃሚ አልነበረም።

ስለዚህ ሕዝባችን መክፈል አይወድም የሚለው ነገር ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ሌላው ግማሽ መንገዱ አለመኖሩ ነው። በግንቦት 2021 ቴሌብር ሲጀምር፣ በ2023 ኤምፔሳ ሲከተል የተለወጠው ይኼ ነው። ዛሬ 250 ብር ከጎንደር እኔ ጋ ለመድረስ አንድ ደቂቃ አይፈጅባትም።

ይህን የምለው ከራሴ ስለማውቀው ነው። አንዳንዶቻችሁ እንደምታውቁት ለመምህራን ሮስተር የምትሠራ ትንሽ ፕሮግራም አለችኝ። የ60 ተማሪ ውጤት በየትምህርቱ ደምሮ፣ አማካይ አውጥቶ፣ ደረጃ ሰጥቶ፣ ካርድ ላይ መገልበጥ ስንት ሌሊት እንደሚበላ መምህር የሆነ ያውቃል። እኔም ለራሴ ነው የሠራኋት፤ እንደ ኖፍ የጎረቤት መምህራን ወሰዷት። አሁን በሴሚስተር 250 ብር ናት። ባለፈው ዓመት 190 ክፍያ ገባልኝ፤ በወር ሲካፈል አራት ሺህ ብር ገደማ ነው። በጥርና በሰኔ ስልኬ አያርፍም፣ በነሐሴ ድርሽ የሚል የለም። የሚገለብጧት አሉ፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ቀን ከደብረ ማርቆስ የማላውቃት መምህርት 500 ብር ላከችና «ሁለት ሴሚስተር በጓደኛዬ ቅጂ ተጠቅሜያለሁ፣ የሁለቱ ነው» አለችኝ። የፍሉግልማን ሐሳብ አርባ ዓመት ተጉዞ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ አየሁት።

ወደ ውጭ መሸጥ ግን አሁንም ቋጠሮ ነው። ስትራይፕ ለኢትዮጵያ ነጋዴ አልተከፈተም። ዘመድ አሜሪካ ያለው በዘመዱ ስም ይከፍታል፣ የሌለው ቁጭ ይላል። ብር በሐምሌ 2024 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ከመቶ በላይ ወጣ። በወር 100 ዶላር የምታስገባ ፕሮግራም እዚህ አገር ቀላል ነገር አይደለችም። ግን ሠሪው ጎበዝ ሆኖ መንገዱ ከተዘጋ፣ ጉብዝናው ብቻውን ኪስ አይገባም።

እንግዲህ መልሴ

ከታሪኩ ተነሥቼ ለጠየቃችሁኝ ልመልስ።

«ምን ልሥራ?» ላላችሁ፦ ፍሉግልማን የገዛ ፋይሉን ማስተላለፍ ፈልጎ ነው፣ ኖፍ የቤተ ክርስቲያኑን አድራሻ ማተም። አጠገባችሁ ያለ፣ በደብተር የሚሠራ፣ በየወሩ የሚደጋገም አሰልቺ ሥራ ፈልጉ። የእድር ሒሳብ፣ የጋራዥ መለዋወጫ፣ የውኃ ቢል። ያንን ሥራ የሚሠራውን ሰው ቀርባችሁ ጠይቁት፤ እኔ ነኝ ያለ ፕሮግራመር የማያውቀውን ይነግራችኋል።

«ልልቀቅ ወይ?» ላላችሁ፦ ኖፍ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ፣ ማኬንዚ አራት ዓመት ሊሞላው ሲል ለቀቀ። ደመወዝ ጠላት አይደለም። የቤት ኪራይ የሚከፍልላችሁ እሱ ነው፤ ፕሮግራማችሁ እስክትጎለብት ድረስ ሳትቸኩሉ እንድታስቡ ጊዜ የሚገዛላችሁም እሱ ነው። ቸኩሎ የለቀቀ ሰው ለደንበኛው የማይገባ ዋጋ ይጠይቃል፣ ወይም የማይገባ ቃል ይገባል።

«ቢገለብጡኝስ?» ላላችሁ፦ ይገለብጧችኋል። ጥያቄው መክፈል ለሚፈልገው ሰው መክፈሉን አቅልላችሁለታል ወይ ነው። የቴሌብር ቁጥራችሁ ፕሮግራሙ ውስጥ በግልጽ ይታያል? ዋጋው መምህሩ ሚስቱን ሳያማክር ሊከፍለው የሚችል ነው? የከፈለ ሰው ሲደውል ስልክ ታነሣላችሁ? ቴሌግራም ላይ የሚመልስለት ሰው እንዳለ የሚያውቅ ደንበኛ የተገለበጠውን ትቶ ይከፍላል፤ እኔ አይቻለሁ።

በመጨረሻ ለፋርማሲው ልጅ። ሦስት ሺህ ብር ማለት በወር 250 ብር የሚከፍሉህ አሥራ ሁለት ፋርማሲዎች ማለት ናቸው። አሥራ ሁለት ሰዎች መደርደሪያቸው ላይ ያለው መድኃኒት መቼ ጊዜው እንደሚያልፍ ከአንተ ነው የሚሰሙት። ብትዘጋት ወደ ደብተር ይመለሳሉ፤ ደብተር ደግሞ ይረሳል። ሰው ወዶ በየወሩ የሚከፍልበት ነገር መሥራት ብዙ ባለ ዲግሪ ያልቻለው ነው። አትዝጋት። አሥራ ሁለቱን በየተራ ሄደህ «ምን ጎደለ?» ብለህ ጠይቃቸው፣ ከዚያ አሥራ ሦስተኛውን ራሳቸው ያመጡልሃል። ዋላስ በ25 ዶላር የገዛውን ሥራ አንተ በአንድ ስኒ ማኪያቶ ታገኘዋለህ።

ሌሎቻችሁም የሠራችኋት ትንሽ ፕሮግራም ካለች ምን እንደምትሠራና ስንት እንደምትሸጧት ከታች ጻፉልኝ። አፍራችሁ የደበቃችኋትንም ጨምሮ። ገዢ የሚሆን ሰው እዚሁ መካከላችን አይጠፋም።

መልካም ምሽት።